ላቡ ከደረቀ በኋላ

ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ ጥቅም በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ተራመዱ፣ ሩጡ፣ ልጆቻችሁንም ከስልክና ከቴሌቪዥን ፊት አስነሡ ብለናል። ከሩጫው በኋላ ቆዳችን ስለሚጠይቀው እንክብካቤ ግን አንድም ቀን አላነሣንም። ዛሬ እንድናነሣው ያስገደደን በራሳችን ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው።

የ14 ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት መልስ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ይቆይና ለመግሪብ ይገባል። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ስለሆነ ዉዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ እራቱን ይበላል፤ ያንኑ ላብ የጠጣ ካናቴራና የውስጥ ሱሪ እንደለበሰ ይተኛል። እኛም «ደክሞት ነው» እያልን እናልፈው ነበር። አንድ ቀን ብሽሽቱ ላይ ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ የሚያሳክክ ነገር ወጣበት። አፍሮ ብዙ ቀን ደበቀን። በመጨረሻ ሲነግረን አንዲት የምናከብራቸው ጎረቤታችን «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» ብለው ፊት ያቀላል እየተባለ ገበያ ላይ ከሚሸጠው ቅባት ሰጡን። ቀባነው። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፣ መቅላቱም ጠፋ፤ ጎረቤታችንን መረቅናቸው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ወደ ጭኑና ወደ መቀመጫው ተዛምቶ አገኘነው።

ጤና ጣቢያ ስንወስደው ሐኪሟ አይተውት መጀመሪያ የጠየቁን «ምን ቀባችሁት?» ብለው ነው። ቱቦውን ከቦርሳ አውጥተን ሰጠናቸው። በትንንሽ ፊደላት ከተጻፈው ውስጥ «ክሎቤታሶል» የሚለውን በጣታቸው አሳዩን። ይህ ከስቴሮይድ ዓይነቶች በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለአንዳንድ የቆዳ ሕመሞች ሐኪም ለአጭር ጊዜ ያዝዘዋል። ፈንገስ ላይ ሲቀባ ግን ሰውነት ፈንገሱን የሚከላከልበትን ቁጣ ያበርደዋል፤ ማሳከኩም መቅላቱም የሚጠፉት ለዚህ ነው። ፈንገሱ ግን አልሞተም፤ እንዲያውም የሚከለክለው ስላጣ እንደ ልቡ ይስፋፋል። መልኩም ስለሚለወጥ ለሐኪም እንኳ ለመለየት ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ ቅባቱ ቆዳን ያሳሳል። በልጃችን ጭን ላይ እንደ እርግዝና ሸንተረር ያሉ መስመሮች ወጥተው ነበር፤ እነዚህ ሊደበዝዙ ይችላሉ እንጂ ፈጽሞ እንደማይጠፉ ሐኪሟ ነግረውናል። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ልጁን ቀና ብለን ማየት አቅቶን ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው ግን ከቅባቱ በፊት ነው። ላብ ራሱ ቆሻሻ አይደለም፤ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ጥቂት ጨው አለበት። መጥፎ ሽታ የሚያመጣው በብብትና በመሰል ቦታዎች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላቡን ሲመገቡት ነው። ፈንገስም የሚወደው ሙቀት፣ እርጥበትና መታፈን ነው፤ ላብ የጠጣ ልብስ ሦስቱንም አሟልቶ ያቀርብለታል። ስለዚህ ከስፖርት በኋላ ዋናው ነገር ቶሎ መታጠብ፣ ካልተቻለም ቢያንስ ልብሱን ቶሎ መቀየር ነው።

ውሃ የለም የሚለውን ሰበብ እኛም እናውቀዋለን። ለብ ያለ አንድ ጆግ ውሃና አንድ ሳፋ ግን ይበቃል። ፊትና አንገት፣ ብብት፣ ከጡት ሥር፣ ብሽሽት፣ በመጨረሻም እግር። ሳሙናው የልብስ ሳሙና ባይሆን እንመርጣለን፤ የጤነኛ ቆዳ የላይኛው ገጽ በመጠኑ አሲድነት ያለው ሲሆን የልብስ ሳሙና ተቃራኒው ነው፤ ወዙን አጥቦ ወስዶ ቆዳውን ያደርቀዋል። በጣም የሞቀ ውሃም እንዲሁ። አጥብቆ መፈተግ አያስፈልግም፤ ላብ የሚለቀው በውሃ እንጂ በጉልበት አይደለም።

ከመታጠቡ ይልቅ የምንዘነጋው ማድረቁን ነው። ዉዱእ ስናደርግ በእግር ጣቶቻችን መካከል ውሃ እናሳልፋለን፤ ከዚያ ሳናደርቀው ካልሲ እናጠልቃለን። በተለይ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ቆዳው ነጭ ሆኖ የሚላጠውና የሚሸተው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው። በመስጊድ የዉዱእ ቦታ በጋራ የምንጫማው ነጠላ ጫማም ፈንገሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያደርስ ይችላል፤ የራስን ይዞ መሄድ ክብደት የለውም። ፎጣም ለየሰው ይሁን። የስፖርት ጫማ ደግሞ እርጥብ እንደሆነ በማግስቱ አይደገምም፤ አፉ ተከፍቶ አየር ያግኝ።

የሴቶች ልጆቻችን ነገር ትንሽ ይለያል። ጸጉራቸውን ቅባት ተቀብተው፣ በሒጃብ ሸፍነው የሚንቀሳቀሱ ልጆች ግንባራቸው ላይ፣ በጸጉሩ መነሻ መስመር፣ ጥቃቅን ብጉር ሲበዛባቸው እናያለን። ቅባቱ ከላብ ጋር ወርዶ የቆዳውን ቀዳዳ እየደፈነ ነው። በስፖርት ቀን ቅባቱን መተው ወይም ከግንባር ማራቅ፣ ከሒጃቡ ሥር የሚደረገውን ኮፍያ ከጥጥ ማድረግና ከእንቅስቃሴው በኋላ በደረቅ መቀየር ይረዳል። ጭን ለጭን ተፋትጎ ለሚላጥባቸው ደግሞ ከመነሣታቸው በፊት ስስ ቫዝሊን መቀባት ጥሩ ነው። ከታጠቡ በኋላም ቆዳው ገና ርጥበት እንዳለው ክንድና ባት ላይ ቫዝሊን ቢቀቡ በጥቅምትና በኅዳር ከሚመጣው ድርቀት ያድናል። በብብትና በብሽሽት ግን አይሁን።

ሎሚ ነገር! ለብብት ሽታና ለብጉር ሎሚ የሚያሹ ብዙ ናቸው። በጠዋት ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መሮጥ ቆዳን አቃጥሎ፣ አንዳንዴም ውሃ አስቋጥሮ፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በሎሚው ውስጥ ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳን የሚጎዳ ነገር ስላለ ነው፤ የእኛዋ ትንሽ አረንጓዴ ሎሚ ደግሞ በዚህ የታወቀች ናት። ጭርት ላይ የሚታሰረው ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ያቃጥላል። ፀሐይን ካነሣን፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቀንም። ሩጫው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ቢያልቅ እንመርጣለን፤ ጥቁር ቆዳም ቢሆን የቆየ ጠባሳውና ማድያቱ በፀሐይ ይብስበታል።

ለልጃችን ሐኪሟ የፈንገስ ቅባትና የሚዋጥ መድኃኒት አዘዙለት። ምልክቱ ቢጠፋም ቅባቱን ሁለት ሳምንት እንዲቀጥል አስጠነቀቁን፤ ብዙ ሰው ማሳከኩ ሲቆም ይተወውና ይመለስበታል። አሁን ድኗል፤ መስመሮቹ ግን አሉ።

የቀረን ጎረቤታችን ናቸው። እንዴት እንንገራቸው እያልን አንድ ሳምንት ተመላለስን። «እትዬ፣ ያ ቅባት እኮ…» ብለን ስንጀምር ዝም ብለው ሰሙን፤ ከዚያ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ጉንጫቸው ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። «አራት ዓመት ተቀባሁት፤ አንድ ቀን ከተውኩት ፊቴ እሳት ይሆናል» አሉን። ለረጅም ጊዜ የተቀቡት ስቴሮይድ በድንገት ሲቋረጥ እንዲህ ማቃጠሉ የታወቀ ነው፤ በሐኪም ክትትል መተው እንዳለበት ነገርናቸው። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረናቸው ልንሄድ ተቀጣጥረናል።