በዐለት ላይ የተጻፉ ስሞች

በሰሜን እንግሊዝ አገር፥ ጌልት በሚባለው ወንዝ ዳር፥ የጥንት ሮማውያን ወታደሮች ድንጋይ ይፈልጡበት የነበረ ገደል አለ። እነዚያ ወታደሮች በገደሉ ፊት ላይ በመሮ የቀረጹት ጽሕፈት እስከ ዛሬ ይታያል።

ንጉሠ ነገሥት ሐድርያኖስ በ122 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያስጀመረው ታላቅ ግንብ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ይኸው ግንብ በሴፕቲሚዎስ ሳዊሮስ ዘመነ መንግሥት ሲታደስ ከጌልት ድንጋይ ይወጣ ነበር።

ጽሕፈቶቹ፥ የሁለተኛው ሌጌዎን ጭፍሮች አግሪኮላ በሚባል የበታች ሹም ሥር እንደ ሠሩ፥ አንድ የሥራ ስፍራም የመርካቲዎስ እንደ ነበረ ይናገራሉ። ሮማውያን ዓመትን በሹማምንቱ ስም ይጠሩ ነበርና የአፔርና የማክሲሞስ ዘመን የሚል ተጽፎአል፤ ይህም 207 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በእስክንድርያ በመንበረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ የነበረው፥ ባሕረ ሐሳብን ከስሙ ጋር አያይዘን የምናውቀው ቅዱስ ድሜጥሮስ ነበር።

ድንጋዩ ግን ለስላሳ በመሆኑ ዝናብና ነፋስ ፊደሉን ይበሉታል። ወደ ስፍራው የሚያደርሰውም መንገድ በ1980ዎቹ ዓመታት ተናደ። ስለዚህ በ2019 ዓ.ም. የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በገመድ ታስረው ወደ ገደሉ ወረዱ፤ ጽሕፈቱንም ሳይጠፋ በብዙ ፎቶግራፍ መዘገቡት። ቀድሞ ያልታወቁ ቅርጾችም ተገኙ፤ ከእነዚህም መካከል ወታደሮቹ በአለቃቸው ሊቀልዱ የቀረጹት ሳይሆን አይቀርም የተባለ የሰው ፊት አለ።

መርካቲዎስ ደግ ይሁን ክፉ አናውቅም፤ በዚያ ገደል እንደ ደከመ ግን፥ ስሙ ስለ ተጻፈ፥ ከ1800 ዓመት በኋላ እናውቃለን። በየቤታችንስ? የቅድመ አያቱን የክርስትና ስም የሚያውቅ ከልጆቻችን መካከል ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን ያንቀላፉትን በጸሎት የምታስባቸው በክርስትና ስማቸው ነው፤ ስሙ ከጠፋ ካህኑ ማንን ብሎ ይጥራ? በእግዚአብሔር ዘንድ የሚረሳ ስም የለም፤ የምንረሳው እኛ ነን።

እንግዲህ ውድ አንባብያን ሆይ፥ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ እንፍጠን። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆች ደብተርና ብዕር ይዘው ከአያቶቻቸው እግር ሥር ይቀመጡ፤ የዓለም ስማቸውንና የክርስትና ስማቸውን፥ ክርስትና የተነሡበትን ደብር፥ በእጃቸውም የሠሩትን ሥራ ይጻፉ። ለዚህ መሮና ገደል አያስፈልግም፤ ጥቂት ቀለምና በጎ ፈቃድ ይበቃል።