የካርቦን ግብር እና የእናት ማድቤት

«የካርቦን ግብር ከጤናዬ ጋር ምን አገናኘው?» ይሉ ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ አስም አያስነሳም፤ ነዳጅ ሲቃጠል አብረውት የሚወጡት ደቃቅ ብናኞች ግን ሳንባንና ልብን ይጎዳሉ።

ካናዳ ግብሩን እ.ኤ.አ. በ2019 በነዳጅ ላይ ጣለች። አብዛኛውን ገንዘብ ለቤተሰቦች ብትመልስም ሰው ዓይኑ ያረፈው ማደያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ ነበር፤ በ2025 ከተጠቃሚው ላይ አነሳችው።

በአገራችን በዚህ ስም የሚጠራ ግብር የለም። ሆኖም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ጀመረ። የመጀመሪያውን እንደ ሐኪም እደግፋለሁ። ሁለተኛው ያሳስበኛል። ላምባ ሲወደድ እናት ወደ ከሰል፣ ከሰል ሲወደድ ወደ እንጨት ትመለሳለች፤ ከመንገድ የቀነሰው ጭስ ማድቤት ይገባል፣ እዚያም በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን አለ። የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ስለ ግብር የሚወስኑ ሰዎች ይህን ማድቤት ቢያዩት እወዳለሁ።

እስከዚያው ከሰል ሲያነዱ በርና መስኮት ይክፈቱ። የተቀጣጠለ ከሰል ይዘው ፈጽሞ አይተኙ፤ ጭስ ባይታይም ይገድላል።