ሙግት፦ ኮምፒውተሩ ከስክሪኑ ጋር ይሰካ ወይስ ከውጭ ይምጣ?

በየመሥሪያ ቤቱ የስብሰባ ክፍል ፕሮጀክተርን እየተካ ያለው ትልቁ የንክኪ ስክሪን፣ ብዙዎች ስማርት ቦርድ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ወይም ከጎኑ አንድ ክፍት ማስገቢያ አለው። እዚያ የሚገባው ጠፍጣፋ ኮምፒውተር ኦፒኤስ ይባላል። ኢንቴል በ2010 (እ.ኤ.አ.) መጠኑንና መሰኪያውን ወጥ አድርጎ ያወጣው ሲሆን 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 119 ስፋትና 30 ውፍረት አለው። ባለ 80 ፒን በሆነ አንድ መሰኪያ ኤሌክትሪኩም፣ ምስሉም፣ ድምፁም፣ የንክኪውም መረጃ ያልፋል። መሥሪያ ቤት ስክሪን ሲገዛ ይህንንም አብሮ ይግዛ ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች አልተስማሙም።

ይሰካ

ስክሪንና ኮምፒውተር እኩል አያረጁም። አምራቾች ለስክሪን መብራት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ዕድሜ 50,000 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን የሚበራ ስክሪን በዓመት 2,000 ሰዓት ይሠራል፤ ሲሰላ 25 ዓመት ይመጣል። የዚህን ግማሽ እንኳ ቢያገለግል ኮምፒውተሩ ቀድሞት ይሸኛል። እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቆ የሚገዛ መሥሪያ ቤት የስክሪኑን ዕድሜ በኮምፒውተሩ ዕድሜ ቆርጦታል ማለት ነው።

ይህ በተግባር ታይቷል። ማይክሮሶፍት ሰርፌስ ሃብ የተባለውን የስብሰባ ስክሪን በ2015 አስተዋውቆ በ2016 ለገበያ አቀረበ። ባለ 84 ኢንቹ ዋጋው ከ20,000 ዶላር በላይ ነበር። ውስጡ የተገጠመው ግን 4ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ሲቋረጥ ለውስጡ ኮምፒውተር የማሳደጊያ መንገድ አልነበረውም።

በ2019 የወጣው ሰርፌስ ሃብ 2ኤስ ዕጣው ሌላ ሆነ። የእሱ ኮምፒውተር ከጀርባው ተስቦ የሚወጣ ካርትሪጅ ነው። በ2023 ሰርፌስ ሃብ 3 ሲመጣ የ2ኤስ ባለቤቶች ስክሪናቸውን ከግድግዳ ሳያወርዱ አሮጌውን ካርትሪጅ በአዲሱ የመተካት ዕድል አገኙ። ልዩነቱን ያመጣው መስታወቱ አይደለም፤ የማስገቢያው መኖር ነው። የጉግል ጃምቦርድ ይህ ዕድል አልነበረውም። ሲወጣ 4,999 ዶላር ይሸጥ የነበረው ይህ ባለ 55 ኢንች ሰሌዳ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አፕዴት ማግኘቱ አበቃ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ መተግበሪያውም ተዘጋ። መስታወቱ ግን ምንም አልሆነም።

ጥገናውንም ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ከሶኬት ይነቀላል፣ ሁለት ብሎኖች ይፈታሉ፣ ኮምፒውተሩ በእጀታው ተስቦ ይወጣል። ሽፋኑ ሲነሳ በአብዛኞቹ ውስጥ የሚገኙት የላፕቶፕ ራምና ኤስኤስዲ ናቸው፤ መርካቶም መገናኛም የሚሸጡ ዕቃዎች። ባለ 86 ኢንች ስክሪን ከግድግዳ አውርዶ፣ በመኪና ጭኖ ጥገና ቤት ማድረስ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች። ደህና ስክሪን መጣል በዚህ ክምር ላይ መጨመር ነው።

ከውጭ ይምጣ

የሰርፌስ ሃብ ታሪክ ግማሹ ብቻ ተነግሯል። ማይክሮሶፍት በ2018 ሃብ 2ኤክስ የሚባል የተሻለ ካርትሪጅ እንደሚያወጣ ተናግሮ ነበር፤ በ2020 ሰረዘው። ካርትሪጁም ቢሆን ኦፒኤስ አይደለም፤ ከማይክሮሶፍት ስክሪን በቀር የትም አይገባም። ማስገቢያ ያለው ገዢ በሩ አለው፤ ቁልፉ ግን በአምራቹ እጅ ነው።

በተቃራኒው የመጀመሪያውን ሰርፌስ ሃብ ከመጣል ሊያድነው የሚችለው ተራ ገመድ ነው። የውስጡ ኮምፒውተር ጠፍቶ ሌላ ኮምፒውተር ከውጭ የሚያያዝበት መሰኪያ ተሠርቶለታል፤ ስክሪኑም፣ ንክኪውም፣ ብዕሩም በዚያ በኩል ይሠራሉ። ጃምቦርድም የኤችዲኤምአይ ገመድ ይቀበላል።

ኦፒኤስስ ወጥ ነው ይባላል። በቅርጹ አዎ። የሚፈልገው ዋትና የሚያወጣው የምስል ጥራት ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ በልኩ የገባ ሁሉ አይሠራም። ኢንቴል ራሱ በ2017 ኤስዲኤም የተባለ ሌላ፣ አነስ ያለ መስፈርት አምጥቷል፤ መሰኪያው ከኦፒኤስ ጋር አይገናኝም። ራሙ መርካቶ ይገኛል መባሉ እውነት ነው። ማዘርቦርዱ ሲቃጠል ግን ለዚያ ቅርጽ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ከየትኛውም መደብር አይነሳም። በ30 ሚሊ ሜትር ሣጥን ውስጥ፣ ከሚሞቅ ስክሪን ጀርባ፣ አቧራ በሚስብ ትንሽ ፋን የሚቀዘቅዝ ማዘርቦርድ ደግሞ ለመቃጠል ቅርብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የጋራነቱ ነው። በስብሰባ ክፍል ያለ ኮምፒውተር የሁሉም ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። አንዱ ኢሜይሉን ከፍቶ ይወጣል፣ ሌላው የደመወዝ ሰንጠረዥ ዴስክቶፑ ላይ ትቶ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ፍላሽ ይሰካል። ሠራተኛው ግን በቦርሳው ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ዛሬ አንድ የዩኤስቢ ሲ ገመድ ምስሉን ወደ ስክሪኑ፣ ንክኪውን ወደ ላፕቶፑ ያደርሳል፤ ብዙ ስክሪኖችም በዚያው ገመድ ባትሪውን ይሞላሉ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፦ መብራት ሲሄድ ኦፒኤሱ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ድርግም ይላል፣ ያልተቀመጠ ሥራም ይጠፋል። ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ስብሰባው በጠረጴዛው ዙሪያ ይጨረሳል።

ማስገቢያው ይኑር፤ ባዶውን ይቆይ። የሚያስፈልግ ከሆነ በኋላ ይገዛል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

«በኋላ ይገዛል» የሚለው በወረቀት ያምራል። የግዢ ክፍል አሠራር ግን ሌላ ነው፤ ሁለተኛው ጨረታ ሲወጣ በጀቱ ተዘግቷል፣ ወይም ከስክሪኑ ጋር የተሞከረው ሞዴል ከገበያ ወጥቷል። በጣሪያ የተሰቀለ ካሜራና ማይክሮፎን ያለው ክፍልም ሁልጊዜ በቦታው የሚገኝ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ላፕቶፑን ይዞ የሚወጣው ሰው የቪዲዮ ስብሰባውንም ይዞ ይወጣል። የተረሳ ኢሜይል ጉዳይ፣ ሲወጡ ሁሉንም በሚዘጋ የእንግዳ መግቢያ የሚፈታ የአይቲ ሥራ ነው።

በአንዱ ነጥብ ግን ተቃዋሚው ትክክል ነው፤ ቅርጹ መግጠሙ አይበቃም። ስለዚህ የጨረታው ሰነድ «ኦፒኤስ ማስገቢያ ያለው» ብሎ ማለፍ የለበትም። ማስገቢያው ስንት ዋት እንደሚሰጥ፣ በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 60 ምስል ማሳለፉን፣ ከየትኞቹ አምራቾች ኮምፒውተር ጋር ተሞክሮ እንደሠራ አቅራቢው በጽሑፍ ይመልስ፤ ርክክቡም ኮምፒውተሩ ተሰክቶ፣ በርቶ፣ ንክኪው ተፈትኖ ይፈጸም።