የቮልሷን እግር የሚቆርጡ ወዳጆቿ

አዲስ አበባ ላይ ቮልስ መልሳ ተወዳጅ ሆናለች። ለዓመታት በግቢ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች ሁሉ እየተጎተተች ጋራዥ ትገባለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ወንበሯ ይታደሳል። እሰየው! ጥፋቱ የሚጀምረው ቀለሙ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ «ቸርኬዋም ይቀየር» ሲል ነው። የፋብሪካው ቀጭን የብረት ቸርኬ ከነኮፓው ይወልቅና ለቆራሌው ይሸጣል። በቦታው ሰፊ የአሉሚኒየም ቸርኬ ስስ ጎማ ለብሶ ይገባል። ፎቶ ይነሳል፣ ይለጠፋል፣ ላይክ ይዘንባል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

«ቸርኬ ጌጥ ነው፣ ምን ያካብዳችኋል?» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ የቮልስ የፍጥነት መለኪያ ከየት ነው የሚያነበው? ከማርሽ ሳጥኑ አይደለም፤ ከፊት ለፊቱ የግራ ጎማ ነው። ገመዱ በጎማው እምብርት በኩል ያልፋል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር እሱም ይዞራል። ስሌቱ የተሠራው ቁመቱ 64 ሳንቲ ሜትር ገደማ ለሆነ ባለ 15 ኢንች ጎማ ነው። በምትኩ 195/50 የሆነ ባለ 15 ጎማ ሲገባ ቁመቱ ወደ 58 ይወርዳል። ያጠረ ጎማ ቶሎ ቶሎ ስለሚዞር መለኪያው 60 ሲል መኪናዋ በ54 ገደማ ነው የምትሄደው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ይዋሻል። ሆዷም ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ መሬት ይወርዳል። የአዲስ አበባን ጉድጓድና ጉብታ የሚያውቅ ቀሪውን ይገምት።

ከዚህ የከፋው አስተሳሰሩ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች ቸርኬያቸው በ5 ብሎን ይታሰራል፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ 205 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ በ4 ብሎን፣ በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ነው የሚታሰሩት። ከሌላ መኪና የተፈታ ቸርኬ በአብዛኛው ከሁለቱም ጋር አይገጥምም። እንዲገጥም ተብሎ መሃል ላይ አዳፕተር ይገባል። አዳፕተሩ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ኩሽኔታው ያልታሰበለትን ጫና ይሸከማል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ፓራፋንጎውን ይፍቃል። ብሎኑም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የፋብሪካው ብሎን ቸርኬውን የሚነካበት አንገቱ እንደ ኳስ የከበበ ነው። ብዙዎቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ አንገት ያለው ብሎን ይፈልጋሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ የጠበቀ የመሰለው ብሎን በጉዞ ላይ ይላላል። የወለቀ ጎማ ደግሞ የመኪናው ባለቤት ላይ ብቻ አይወድቅም፤ መንገድ ዳር የቆመ እግረኛም አለ።

«ንብረቴ ነው» የሚለው መልስ እስከ መንገዱ ጠርዝ ድረስ ብቻ ነው የሚያስኬደው። «የድሮው ጎማ ጠፋ» የሚለው የተሻለ ክርክር ነው፤ የጥንቱ 5.60 ባለ 15 በየሱቁ አይገኝም። ግን 165/80 የሆነ ባለ 15 ራዲያል ጎማ ቁመቱ ከጥንቱ ጋር እኩል ነው፤ በዚያው በብረት ቸርኬ ላይም ይገባል። ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል እንጂ ቸርኬ መጣል አይጠይቅም።

ሌላም ጉዳይ አለ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። እንግዲህ በአገሪቱ ያሉት ቮልሶች ያሉት ናቸው፤ ተተኪ የላቸውም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት 30 ዓመት መሙላቱ አይበቃውም፤ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ይዞታ መጠበቁንም ይጠይቃል። ዕድሜ ብቻውን ቅርስ አያደርግም። ቀለሟ እንደ ጥንቱ፣ እግሯ ከሌላ መኪና የሆነች ቮልስ አሮጌ መኪና ናት እንጂ ታሪክ አይደለችም።

ሌላ ቸርኬ ካልገጠምኩ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ቢያንስ ሦስት ነገር ያክብር። የጎማው ቁመት አይለወጥ። ለማስገባት ተብሎ ምንም ነገር አይቆረጥ፣ አይበሳ። የድሮዎቹ ቸርኬዎች፣ ስኮርቱን ጨምሮ አምስቱም፣ አይሸጡ፤ ዘይት ተቀብተው ይቀመጡ። ጋራዦችም ገንዘብ የከፈለ ያዘዘውን ሁሉ መግጠም ሙያ እንዳልሆነ ይወቁ። ጥሩ መካኒክ «ይሄ አይሆንም» ብሎ ደንበኛ የሚመልስ ነው።

ቀለም ነገ ተፍቆ ይቀባል፣ ወንበርም እንደገና ይሰፋል። ለቆራሌው በኪሎ የተሸጠ ቸርኬ ግን ቀልጦ የአጥር ብረት ከሆነ በኋላ የልጅ ልጅ ቢፈልገው አይመለስም።