ጭቃ አቡኪው ሌላ፣ ገንዘብ ቆጣሪው ሌላ

በጃፓን የድሮ ኮሚክ መጻሕፍት ጀግኖችን በትንንሽ ሐውልት የሚቀርጽ አማተር፣ ለወራት የደከመበትን ሥራ የሚሸጠው በአንድ ቀን ብቻ ነው። የኦሳካው ካይዮዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የሚያዘጋጀውና ዛሬ በቺባ ማኩሃሪ ሜሴ አዳራሽ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደው ዋንደር ፌስቲቫል የሚሠራበት ደንብ ይኸው ነው። እንደ ቴትሱጂን 28 (1956) ወይም ሳይቦርግ 009 (1964) ያለ ሥራ ውስጥ የሚገኝ ጀግናን የቀረጸ ሰው፣ ባለመብቱ ከፈቀደለት ክፍያ ፈጽሞ የዕለቱን ፈቃድ ያገኛል። አዳራሹ ሲዘጋ ፈቃዱም ያበቃል።

ዘዴው ብልህነት አለው። ባለመብቱ ድርሻውን ያገኛል፤ ቀራጺውም ሕገ ወጥ ከመባል ይድናል። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው።

ቀራጺው ሬዚን የሚያፈስበት የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ጥቂት አሥሮችን ካወጣ በኋላ ያረጃል። ስለዚህ ዕቃው ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ማልዶ ተሰልፎ የገዛ አየር በአየር ነጋዴ ያንኑ ሐውልት፣ ገና ሳይገጣጠምና ቀለም ሳይቀባ፣ በጨረታ አስወድዶ ይቸበችበዋል። ከዚህ ትርፍ ለቀራጺውም ለባለመብቱም ሰባራ ሳንቲም አይደርስም።

ፈቃዱ ቢራዘም ብርቅነቱ ይጠፋል የሚል ክርክር ይነሳ ይሆናል። ይሁንና በዕለቱ ተሰልፈው ላልደረሳቸው ገዢዎች ብቻ፣ ቁጥሩ ተወስኖና ለባለመብቱ በየፍሬው ተከፍሎ ቢሸጥ ብርቅነቱ አይነካም። የሚነካው የአየር በአየሩ ኪስ ነው። ባለመብቶች ይህን ካልፈቀዱ፣ ጭቃውን የሚያቦካው አንዱ፣ ገንዘቡን የሚቆጥረው ሌላው እንደሆነ ይቀጥላል።