ጉልበት በመቶኛ ሲመዘን

በአማርኛ «ጉልበት» የአካል ክፍልም የኃይልም ስም ነው። በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 የተተካው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚሰጠውን ክፍያ ከ10 በመቶ ባላነሰ የጉዳት መጠን ላይ መሥርቶት ነበር። መጠኑን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ በመሆኑ፣ ጥቂት ነጥቦች የአንድን የቀድሞ ወታደር ኑሮ ይለውጣሉ።

ይሁን እንጂ በራጅ የሚታየው የመገጣጠሚያ ጉዳትና ታማሚው የሚሰማው ሕመም ብዙ ጊዜ አይመጣጠኑም። በሰው ጉልበት ውስጥ የተተከሉ መለኪያዎች እንዳሳዩት፣ መገጣጠሚያው በሜዳ ስንራመድ የሰውነታችንን ክብደት 2.5 እጥፍ ያህል፣ ደረጃ ስንወርድ ደግሞ 3.5 እጥፍ ያህል ይሸከማል። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ ለሚመላለስ ገበሬ ቁልቁለት የኑሮው አካል ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚለካ የመታጠፍ ማዕዘን ይህን አይነግረንም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተሰጠ የፍርድ ውሳኔ ወዲህ፣ የቀድሞ ወታደሮች መገጣጠሚያ ሲመዘን ሕመሙ የሚያሳጣው የመሥራት ችሎታም ይታያል። የእኛም ቦርዶች ተመዛኙ የሚኖርበትን መልክዓ ምድርና የሚሠራውን ሥራ ሊያገናዝቡ ይገባል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት የተጎዳ ጉልበት ከዓመታት በኋላ ሊብስ ይችላልና፣ ድጋሚ ምዘና ለሚጠይቅ ሰው ሳይንስ ይመሰክርለታል።