ቼዝ ከኮምፒዩተር ጋር

ዛሬ የምናወራው ስለ ቼዝ ጨዋታ ነው።

ቼዝ የአገራችን የሰንጠረዥ ዘመድ ነው። ሰሌዳው 64 ቤቶች አሉት። ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 16 ጠጠር ይይዛሉ። ንጉሡ ተይዞ ማምለጫ ያጣበት ይሸነፋል።

ኮምፒዩተርም ቼዝ ይጫወታል። በ1989 ዓ.ም. ዲፕ ብሉ የሚባል ኮምፒዩተር የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። በአንድ ሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል የጠጠር አሰላለፍ ይመረምር ነበር። ታዲያ ሰው ከዚህ ጋር እንዴት ይወዳደራል?

ሩሲያዊው ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ መላ ፈለገ። በ1995 ዓ.ም. በባሕሬን አገር ዲፕ ፍሪትዝ ከተባለ ኮምፒዩተር ጋር 8 ጊዜ ገጠመ።

የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚበረታው ግርግር ሲበዛ ነበር። ብዙ ጠጠር ሲፋጠጥ አንዱንም ሳይስት ያሰላል። ሰው ግን ይስታል። ጨዋታው ሲረጋጋ ደግሞ ሰው አርቆ ያይ ነበር።

ስለዚህ ክራምኒክ ገና በጊዜ ንግሥቱን አስበልቶ የኮምፒዩተሩን ንግሥት በላ። ንግሥት ከጠጠር ሁሉ ብርቱ ናት። ሁለቱም ያለ ንግሥት ሲቀሩ ግርግሩ በረደ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ክራምኒክ በትዕግሥት እየገፋ 2ኛውንና 3ኛውን ጨዋታ አሸነፈ።

በ5ኛው ግን ከባድ ስህተት ሠርቶ ተሸነፈ። በ6ኛው ደግሞ መላውን ተወ። ፈረሱን አስበልቶ ለማጥቃት ሮጠ። ግርግር ተነሣ። ይህ እኮ የኮምፒዩተሩ ሜዳ ነው! እንደገና ተሸነፈ። በመጨረሻ 4 ለ 4 እኩል ወጡ።

በ1999 ዓ.ም. ክራምኒክ ተሻሽሎ የመጣውን ዲፕ ፍሪትዝን ጀርመን አገር ገጠመ። በአንዱ ጨዋታ ንጉሡ በሚቀጥለው እርምጃ እንደሚያዝ ሳያይ ቀረ። 4 ለ 2 ተሸነፈ።

የዛሬ ኮምፒዩተሮች ከዚያም አልፈው ሄደዋል። የድሮው መላ አያዋጣም። ታላላቆቹ ተጫዋቾችም ሌላ መላ ይዘዋል። ኮምፒዩተሩን መግጠም ትተው ከእሱ ይማራሉ። ከውድድር በፊት ጨዋታቸውን በኮምፒዩተር እየመረመሩ ይዘጋጃሉ። ያልቻሉትን ባላጋራ አስተማሪ አደረጉት።

አዲስ ቃላት
ኮምፒዩተር፦ በፍጥነት የሚያሰላ መሣሪያ
ሻምፒዮን፦ ሁሉን ያሸነፈ ተወዳዳሪ
ባላጋራ፦ ተቃራኒ ሆኖ የሚገጥም

ጥያቄዎች
1. የዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚበረታው መቼ ነበር?
2. ክራምኒክ ንግሥቱን ለምን አስበላ?
3. በ6ኛው ጨዋታ ለምን ተሸነፈ?
4. እናንተስ ከእናንተ የበረታ ቢገጥማችሁ ምን መላ ትፈልጋላችሁ? ተወያዩበት።